አንድ ጠቅታ ፈጠራ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቂያ፣ የገና ገበያ በደራበት ሰሞን፣ ባርነስ ኤንድ ኖብል የተባለው የአሜሪካ መጻሕፍት ነጋዴ በድረ ገጹ ላይ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ለውጥ አደረገ። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ አድርገው መጽሐፍ ያዝዙ የነበሩ ደንበኞቹን አንድ ተጨማሪ ጠቅታ እንዲያክሉ አስገደዳቸው። ነጋዴ ገዢውን ወደ መክፈያው ለማቅረብ እንጂ ከመክፈያው ለማራቅ ሲደክም አይታይምና ነገሩ ያልተለመደ ነበር። ምክንያቱ የኮምፒዩተር ብልሽት አልነበረም። በሲያትል ከተማ የሚያስችል አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዲሴምበር 1 ቀን የእግድ ትእዛዝ በማውጣቱ ነው። በአንድ ጠቅታ የማዘዝ ዘዴ የተፎካካሪው የአማዞን ፓተንት ስለሆነ፣ ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ሌላው እንዳይጠቀምበት ተከለከለ።

ፓተንቱ በአሜሪካ ቁጥር 5,960,411 ተብሎ የተመዘገበው ነው። ማመልከቻው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1997 ገብቶ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1999 ጸደቀ፤ ወር ሳይሞላውም አማዞን ክሱን መሠረተ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፈጠራ ሠራተኝነት የተመዘገቡት አራት ሰዎች ፔሪ ሃርትማን፣ ጄፍሪ ቤዞስ፣ ሼል ካፋንና ጆኤል ስፒግል ናቸው። ሁለተኛው የአማዞን መሥራች፣ በዘመናችን ስሙ ከበይነ መረብ ንግድ ጋር ተቆራኝቶ የሚጠራው ባለሀብት ነው።

ስለዚህ ፓተንት ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ወይ የሥራ ፈጣሪውን ብልሃት ያወድሳል፣ አለዚያም ስግብግብነቱን ይኮንናል። እኛ ሁለቱንም መንገድ ትተን ለሳይንስ ተማሪ ይበልጥ ይጠቅማል ወደምንለው ጥያቄ እናመራለን፤ ይኸውም ኅብረተሰቡ ለዚህ ሰነድ የሃያ ዓመት ብቸኛ መብት ሲከፍል በምላሹ ምን ዕውቀት አገኘ? የሚለው ነው። የእኛ መልስ «እጅግ ጥቂት» የሚል ነው። እንዲህ የምንለው አንድ ጠቅታ ቀላል ነገር ስለሆነ አይደለም። ቀላልነት ጥፋት አይደለምና ምክንያታችን ሌላ ነው።

እንደሚታወቀው ፓተንት ሽልማት ሳይሆን ውል ነው። የፈጠራ ሠራተኛው በጓዳው ሸሽጎ ሊያቆየው ይችል የነበረውን ዕውቀት በዘርፉ የሠለጠነ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል ዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ ያስረክባል፤ መንግሥት በበኩሉ ለተወሰነ ዘመን ሌሎች ያንን ነገር እንዳይሠሩ፣ እንዳይሸጡና እንዳይጠቀሙበት የመከልከል መብት ይሰጠዋል። ዘመኑ ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። ውሉ ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም ወገን የሚሰጠው ነገር ሲኖር ነው። እንግዲህ የዚህን ውል ሚዛን ለማየት አስቀድመን የጠቅታዋን ሥራ መረዳት ይኖርብናል።

ድረ ገጾችን የሚያመላልሰው ኤችቲቲፒ የተሰኘው የመግባቢያ ሥርዓት በባሕርዩ ዝንጉ ነው። አንድ ተጠቃሚ ገጽ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ገጹን ይልካል፣ ከዚያም ይረሳዋል። ያው ሰው ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሌላ ገጽ ቢጠይቅ ለሰርቨሩ ፈጽሞ እንግዳ ነው። ጽሑፍ ለማንበብ ይህ ችግር አያስከትልም፤ ለንግድ ግን ከባድ እንቅፋት ነው፤ ዕቃ መርጦ ወደ መክፈያ የሄደ ሰው እግረ መንገዱን ማንነቱ ይጠፋልና። በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ሉ ሞንቱሊ ለዚህ መላ ዘየደ። ሰርቨሩ ለተጠቃሚው ኮምፒዩተር አንዲት አጭር መለያ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም ወደዚያው ሰርቨር በተመለሰ ቁጥር መለያዋን ያሳያል። ይህች መለያ «ኩኪ» ተባለች። የዝንጉውን ሥርዓት ችግር የፈታችው እርሷ ናት፤ በእኛ አስተያየት በበይነ መረብ ንግድ ታሪክ ውስጥ ከጠቅታዋ ይልቅ ክብር የሚገባት እርሷ ነበረች።

የአማዞን ዘዴ በዚህች መለያ ላይ የቆመ ነው። ገዢው ከዚህ ቀደም ስሙን፣ አድራሻውንና የክፍያ ካርዱን ቁጥር አስመዝግቧል እንበል። አሁን አንድ መጽሐፍ ያይና ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫናል። የእርሱ ኮምፒዩተር የመጽሐፉን መለያና የገዢውን መለያ አጣምሮ ይልካል፤ ሰርቨሩ በገዢው መለያ የተቀመጠውን መረጃ ከመዝገቡ ያወጣል፣ ትእዛዙን ያዘጋጃል፣ ዕቃውም ይላካል። የፓተንቱ የመጀመሪያ የይገባኛል አንቀጽ በሕግ ቋንቋ ያሰፈረው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ማብቂያው ላይም ትእዛዙ የግብይት ጋሪ የተባለውን አሠራር ሳይጠቀም እንደሚፈጸም ይናገራል።

ይህን የሚያነብ የአገራችን ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሰፈር ባለሱቅ ከሚያውቀው ደንበኛ ጋር የሚያደርገው ከዚህ ምን ይለያል? ልጁ መጥቶ «አንድ ኪሎ ስኳር» ይላል፤ ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፣ ስኳሩን ይሰጣል፣ በዱቤ መዝገቡም በአባትየው ስም ይጽፋል። መለያው የልጁ ፊት ነው፤ የተመዘገበው መረጃ የዱቤ ደብተሩ ነው። በአሜሪካም ብዙ ተቺዎች ይህን የመሰለ ሙግት አቅርበዋል።

ሆኖም በዚህ ሙግት ብቻ ለመርካት አንፈቅድም። አንድ ነገር ከተነገረን በኋላ «ይህማ ግልጽ ነው» ማለት ከስሕተቶች ሁሉ የቀለለው ነው። የሳይንስ ታሪክ ከተገኙ በኋላ ግልጽ በሆኑ ነገሮች የተሞላ ነው። በ1997 የነበሩ የድረ ገጽ ነጋዴዎች ኩኪም የደንበኛ መዝገብም ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ግን ገዢውን በጋሪ፣ በማረጋገጫና በድጋሚ ማረጋገጫ ገጾች ያንከራትቱት ነበር። ይህን ሰንሰለት ቆርጦ መጣል ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰው ተሳስቶ ቢጫንስ? ዕቃውን ባይፈልገውስ? አማዞን ይህን ስጋት ተጋፍጦ ትርፉን አገኘበት። እኛ የምንለው ይህ የነጋዴ ድፍረት ነው፤ ድፍረቱም በገበያው ላይ ዋጋውን ተቀብሏል። ፓተንት ግን ለድፍረት አይሰጥም፤ ለተገለጠ ዕውቀት እንጂ።

እዚህ ላይ ነው የውሉ ሚዛን የሚዛባው። ቁልፏ በገጹ ላይ በታየችበት ቅጽበት ምስጢሯ ሁሉ ተገልጧል። ተጠቃሚው ይጫናል፣ ዕቃው ይመጣል፤ በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ካየ ከበስተጀርባው ያለውን ለመገንባት የፓተንት ሰነድ ማንበብ አያስፈልገውም። ባርነስ ኤንድ ኖብል የራሱን የፈጣን ትእዛዝ አሠራር ለመሥራት የሌላ ሰው ምስጢር መስረቅ አላስፈለገውም። እንግዲህ ኅብረተሰቡ ከመስኮቱ ሆኖ በነጻ የሚያየውን ነገር በሃያ ዓመት ብቸኛ መብት ገዛው ማለት ነው።

ለፍትሕ ስንል ግን አንድ ነገር እንመስክር። በዚያው ሰነድ ውስጥ ከቁልፏ ይልቅ የእኛን ቀልብ የሳበ ክፍል አለ። ሰው ያለ ጋሪ በአንድ ጠቅታ የሚገዛ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራት መጻሕፍት በአራት የተለያዩ ትእዛዞች ሊገዛ ይችላል፤ እያንዳንዱ በተለየ ጥቅል ቢላክ ነጋዴው በማጓጓዣ ወጪ ይከስራል። ስለዚህ ሰነዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተሰጡ ትእዛዞችን፣ ዕቃዎቹ በመጋዘን መኖርና አለመኖራቸውን እያገናዘበ፣ አጣምሮ ስለሚልክ አሠራር ያትታል። ይህ ከገጹ ላይ የማይታይ፣ ቢሸሸግ ተሸሽጎ ሊቀር የሚችል፣ የማስላት ችግር ያለበት ነገር ነው። የፍርድ ቤቱ ጭቅጭቅና የጋዜጣው ጩኸት ሁሉ ግን በቁልፏ ላይ ሆነ።

ከዚያው ኩባንያ ሌላ ፓተንት ብናነጻጽር ልዩነቱ ይጎላል። በሴፕቴምበር 1998 አመልክቶ በጁላይ 2001 የጸደቀው ቁጥር 6,266,649 ደንበኛን «ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ» ብሎ ዕቃ ስለሚጠቁም ሥርዓት ነው። ቀደም ሲል የነበረው የታወቀ ዘዴ የአንድን ደንበኛ ግዢ ከሌሎች ደንበኞች ግዢ ጋር እያነጻጸረ ጣዕሙ የሚመሳሰለውን ሰው መፈለግ ነበር። ደንበኞቹ ጥቂት ሺህ ሲሆኑ ይህ ይሠራል፤ ሚሊዮኖች ሲሆኑ ግን ስሌቱ ገጹ እስኪከፈት ድረስ አያልቅም። የአማዞን መሐንዲሶች ጥያቄውን ገለበጡት። ሰውን ከሰው ማነጻጸር ትተው ዕቃን ከዕቃ አነጻጸሩ፦ መጽሐፍ ሀን ከገዙት መካከል ምን ያህሉ መጽሐፍ ለን ገዙ? ይህ ሰንጠረዥ ገዢው ሳይመጣ አስቀድሞ ተሰልቶ ይቀመጣል፤ ገዢው ሲመጣ የሚቀረው እርሱ ከገዛቸው ጥቂት ዕቃዎች ጎን የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው በደንበኞች ብዛት መጠን አይከብድም። ከመሐንዲሶቹ መካከል ግሬግ ሊንደን፣ ብሬንት ስሚዝና ጀረሚ ዮርክ በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ኩባንያው ከ29 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንደነበሩት ገልጸዋል፤ ጽሑፋቸውን ያወጣው መጽሔትም በ2017 ሃያኛ ዓመቱን ሲያከብር የዘመን ፈተናን ያለፈ ሥራ ብሎ መርጦታል።

የጥቆማውን ገጽ አንድ ሺህ ጊዜ ብናይ ይህ ሰንጠረዥ በሌሊት መሰላቱን አናውቅም። ምስጢሩ በሰርቨሩ ውስጥ ነው። የፓተንቱ ሰነድ ገለጠው፤ ኅብረተሰቡ ከፈለ፣ ተማረም። ስለ ሶፍትዌር ፓተንት ያለን ጥርጣሬ እንዳለ ሆኖ፣ ውሉ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ ሁለት ወገን አለው።

የፓተንት ደጋፊዎች «ያለዚህ ጥበቃ የበይነ መረብ ንግድ ባልተስፋፋ ነበር» ይላሉ። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ከቤት ሆኖ በመስመር ላይ መግዛት የተጀመረው ከአማዞን በፊት ነው። በ1979 እንግሊዛዊው ማይክል አልድሪች የቤት ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር ከግብይት ኮምፒዩተር ጋር አገናኘ፤ ሐሳቡ የመጣለት ከባለቤቱ ጋር ውሻቸውን ይዘው ሲናፈሱ ሳምንታዊውን የሱፐርማርኬት ጉዞ እያማረሩ ሳለ እንደነበር ይነገራል። በሜይ 1984 በጌትስሄድ ከተማ ይኖሩ የነበሩት የ72 ዓመት አዛውንት ወይዘሮ ጄን ስኖውቦል፣ ቤታቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥናቸው በኩል ከቴስኮ መደብር ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል አዘዙ። የ1977ቱ የብሪታንያ ፓተንት ሕግ የንግድ ዘዴንና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በራሳቸው እንደ ፈጠራ አይቆጥራቸውም፤ ሐሳቡ ግን በዚህ ሳይታገድ ተሠራ። ዓለም አቀፉ ድርም ቢሆን በአፕሪል 1993 ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሶፍትዌሩን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ስለለቀቀው ነው ነጋዴው ሁሉ ሊሰፍርበት የቻለው። አማዞን ራሱ የተሠራው ሌሎች በነጻ ባስቀመጡት መሠረት ላይ ነው።

አጥሩም አንዳንድ ጊዜ አጣሪውን ያጥራል። በ1990ዎቹ ኦፕን ማርኬት የተባለ ኩባንያ ስለ ግብይት ጋሪ ፓተንቶች አውጥቶ ነበር። ኩባንያው ከከሰመ በኋላ ፓተንቶቹ ሶቨረን በተሰኘ ድርጅት እጅ ገቡ፤ ሶቨረንም ነጋዴዎችን ይከስ ጀመር። በ2005 አማዞን ክሱን በ40 ሚሊዮን ዶላር ዘጋው። የጠቅታው ባለመብት ለጋሪው ከፈለ ማለት ነው! ኒውኤግ የተባለው የኮምፒዩተር ዕቃ ነጋዴ ግን አልከፍልም ብሎ ተሟገተ። በ2010 በዳኝነት ጉባኤው ተረትቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት፤ ይግባኝ አለ። በጃንዋሪ 2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፓተንቶቹ ከ1984 ጀምሮ ይሠራ ከነበረው የኮምፒዩሰርቭ የገበያ ሥርዓት አንጻር ግልጽ ናቸው ብሎ ሻራቸው። ሌሎች ከፍለው የሄዱበትን መብት አንድ ግትር ነጋዴ ባዶ መሆኑን አሳየ።

ወደ ጠቅታዋ እንመለስ። በፌብሩዋሪ 2001 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በባርነስ ኤንድ ኖብል ላይ የተጣለውን እግድ አነሣ፤ ምክንያቱም ከአማዞን በፊት የነበሩ ሥርዓቶች፣ ለምሳሌ በኮምፒዩሰርቭ የአክሲዮን ገበታን በ50 ሳንቲም በአንድ ጠቅታ መግዛት ይቻል የነበረበት አሠራር፣ በፓተንቱ ጽናት ላይ ከባድ ጥያቄ ያስነሣሉ አለ። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2002 ተስማሙና የመጨረሻው ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ። በ2006 ደግሞ ፒተር ካልቭሊ የተባለ የኒውዚላንድ ተዋናይ፣ ያዘዘው መጽሐፍ ዘገየብኝ ብሎ ተናድዶ፣ ፓተንቱ እንደገና እንዲመረመር አመለከተ፤ ለአገልግሎት ክፍያው ሰዎች አዋጡለት። የፓተንት ቢሮው በ2007 አብዛኞቹን አንቀጾች ውድቅ አደረገ፤ አማዞን አንቀጾቹን አጥብቦ ካሻሻለ በኋላ ግን በ2010 ጸደቁለት። በአውሮፓ የፓተንት ቢሮው የይግባኝ ቦርድ በ2011 ማመልከቻውን ሳይቀበል ቀረ፤ በካናዳ በተቃራኒው ከብዙ ክርክር በኋላ በ2012 ተሰጠ። አንድ ዓይነት ሐሳብ፣ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ዕጣ። የፊዚክስ ሕግ እንዲህ ቢለያይ ምን ይውጠን ነበር!

በዚህ ሁሉ መካከል ከማንም ይልቅ ለእኛ አሳብ የቀረበው ማን እንደሆነ ስንገልጽ አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። ራሱ ቤዞስ ነው። በማርች 2000 አሳታሚው ቲም ኦራይሊና ሌሎች ብዙዎች ተቃውሞአቸውን ባሰሙ ጊዜ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ፓተንቱን አልለቅም አለ፤ ነገር ግን የሶፍትዌርና የንግድ ዘዴ ፓተንቶች ዘመን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እንዲወሰን፣ ከመጽደቃቸው በፊትም ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ሕጉ አልተለወጠም። የእርሱ ሐሳብ ተፈጻሚ ቢሆን ኖሮ፣ አምስቱን ዓመት ከጸደቀበት ቀን ብንቆጥር እንኳ፣ የጠቅታው መብት በ2004 ያበቃ ነበር። ያበቃው ግን በሴፕቴምበር 2017 ነው፤ ሰዎች ጣታቸውን በስልክ ላይ አሳርፈው መክፈል ከለመዱ በኋላ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ተማሪዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የንግድ ሥራ ማከናወኛ ዘዴዎችንና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ከፓተንት ጥበቃ ውጪ አደረገ፤ ለፕሮግራሞች በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የቅጅ መብት ሰጣቸው። የቅጅ መብት የተጻፈውን ፕሮግራም እንጂ ከበስተኋላው ያለውን ሐሳብ አያጥርም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ ዘርፍ እንደ ዕድል እናየዋለን። ፓተንት በተሰጠበት አገር ወሰን ውስጥ ብቻ የሚጸና መብት ነው። ስለሆነም አንድ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ የጫማ መሸጫ ድረ ገጽ ሲሠራ፣ በአሜሪካ ብቻ የተመዘገበ ሰነድ ለእርሱ አጥር ሳይሆን መማሪያ ነው። በአሜሪካ ገበያ ሊሸጥ ቢወጣ ግን ያው ሰነድ አጥር ይሆንበታልና ይህን ልዩነት ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

ሰነዶቹ በይነ መረብ ላይ በነጻ ይነበባሉ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ሁለቱን፣ ማለትም 5,960,411ንና 6,266,649ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያነቡ እንጋብዛለን። በመጀመሪያ በመጨረሻ ያሉትን የይገባኛል አንቀጾች ሸፍነው ገለጻውንና ሥዕሎቹን ብቻ ይመልከቱ፤ ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ፣ ድረ ገጹን በማየት ብቻ ሊያውቁት የማይችሉትን ምን እንደተማሩ ይዘርዝሩ። ቀጥሎ አንቀጾቹን ገልጠው፣ ብቸኛ መብት የተጠየቀው በዘረዘሩት ነገር ላይ ነው ወይስ በሌላ ላይ? ብለው ያመሳክሩ። ለሁለቱ ሰነዶች የሚወጡት ዝርዝሮች ርዝመታቸው እኩል አይሆንም።